ለእትዬ የመረጠው ኮሪደር

ሰውዬውን በስሙ የሚጠራው የለም፤ ሚሊ ነው የሚሉት። ሚሊሜትር ለማለት ነው፤ ሙሉውን ለመጥራት ግን ማን ጊዜ አለው? ሥራው መነጽር መግጠም ነው። የዓይን ሐኪም ቁጥር የጻፈለት ሰው ሁሉ ወደሱ ይመጣል። እሱ ፍሬም ይመርጣል፣ ፊት ይለካል፣ ሌንስ ያዛል፣ ይገጥማል። በአንዱ ግድግዳዋ ፍሬም፣ በሌላው መስታወት በተደረደረባት ጠባብ ሱቁ ውስጥ ዕድሜውን ሙሉ የሰው አፍንጫ ላይ ሲያፈጥ ነው የኖረው። መንገድ ላይ ካገኛችሁ ከሰላምታው በፊት እጁ ወደ ፊታችሁ ይመጣል። መነጽራችሁ ወደ ግራ ዘንበል ብሏላ! ሳያቃናው አይለቃችሁም። «ጠማማ ነገር ሳይ ያመኛል» ይላል፤ ቀልድ እንዳይመስላችሁ፣ እውነትም ያመዋል። ሚስቱ ደግሞ «ከሱ ጋር አንድ ሥዕል ከመስቀል ግድግዳውን አፍርሶ መሥራት ይቀላል» እያለች ለጎረቤት ታማዋለች።

ጨዋታው ሌላ፣ ሥራው ሌላ። በተለይ ፕሮግረሲቭ የሚባለው መነጽር ላይ ሚሊ ዘመድ አያውቅም ይባል ነበር። ነገሩ እንዲህ ነው፤ ሰው ዕድሜው ሲገፋ ቅርቡ ይደበዝዝበታል። ሩቁም አብሮ ከደበዘዘ፣ አንዱን መነጽር ሲያወልቅ ሌላውን ሲያጠልቅ ከሚውል ሁለቱንም የሚሠራ አንድ ሌንስ ይደረግለታል። የሌንሱ ላይኛው ክፍል ለሩቅ ነው፣ ታችኛው ለቅርብ። በመሀል ከላይ ወደ ታች የምትወርድ ጠባብ መንገድ አለች፤ ኮሪደር የሚሏት እሷን ነው። ዓይን ከሩቅ ወደ ቅርብ የሚወርደው በእሷ በኩል ነው፤ ከእሷ ግራና ቀኝ ያለው ጭጋግ ነው። ኮሪደሩ አጭር ከሆነ ዓይን ትንሽ ዝቅ እንዳለ ቅርቡን ያገኘዋል፤ ግን መንገዱ ይጠብባል፣ ጭንቅላት ሲዞር ወለሉ ይዋኛል። ረጅም ከሆነ ለስላሳና ሰፊ ነው፤ ግን ቅርቡን የሚያሳየው ቦታ ጉንጭ ሥር ይገባና ዓይን እስኪደርስበት አበሳውን ያያል። ታዲያ የቱ ይሻላል? ብትሉት ሚሊ ይቆጣል። «ለማን? ለምን ሥራ?»

ስለዚህ ደንበኛውን ሁሉ ሥራውን ያሠራዋል። ሹፌሩን ወንበር ላይ አስቀምጦ በባዶ እጁ መሪ ያስይዘዋል። ሒሳብ ሠራተኛዋን «ኮምፒውተርሽ የት ጋ ነው? ወረቀትሽስ?» ብሎ ጠረጴዛውን በአየር ላይ ያሠራታል። አንዲት የጥርስ ሐኪም ሥራሽን አሳዪኝ ቢላት፣ እሱኑ አፉን አስከፍታ መንጋጋውን ስታይ ቆይታ፣ «ይቺ የኋለኛዋ መነቀል አለባት» ብላው አረፈች። ሱቁ በሳቅ ፈረሰ። የሐኪሟ መነጽር ግን እስከ ዛሬ ድረስ ተስማምቷት ትኖራለች።

ሌላም ሕግ አለው። ደንበኛው ባዶውን ፍሬም አድርጎ ፊት ለፊት ሲያይ፣ የዓይኑ ብሌን የሚያርፍበት ቦታ ላይ በቀጭን ብዕር ነጥብ ይደረጋል። ኮሪደሩ የሚጀምረው ከዚያ ነጥብ ነው። ሚሊ ቁመቱ ዘለግ ያለ ስለሆነ ዝቅ የምትል፣ ትራስ የተሰፋላት በርጩማ አለችው፤ እሷ ላይ ሲቀመጥ ዓይኑ ከደንበኛው ዓይን ጋር እኩል ይሆናል። «ቆመህ ከለካህ ሰውዬው አንተን ለማየት ቀና ይልልሃል። ቀና ካለ ነጥቡ ወደ ታች ወረደ። ነጥቡ ከወረደ በቃ፣ ሁሉም ነገር ገደል ገባ» ይላል፤ የሚሰማው ሰው ኖረም አልኖረም።

መነጽሩን ወስዶ በሳምንቱ «ግር አለኝ» ብሎ ለሚመለስ ሰው ደግሞ አንድ መልስ አለችው፤ ከአፉ የማትጠፋ። «ሁለት ሳምንት ታገሥ፤ ትለምደዋለህ።» አብዛኛው ሰው እውነትም ይለምደዋል። ከአሥሩ ዘጠኙ ይለምደዋል እንበል። መከራው ያለው አሥረኛው ላይ ነው፤ ያ አሥረኛ ሰው ደግሞ የገዛ እህቱ ሆና ቁጭ አለች።

እህቱን እትዬ ይላታል። እናታቸው ስትሞት እሱ ገና አፍንጫውን በእጅጌው የሚጠርግ ልጅ ነበር፤ እሷ ትምህርቷን ጥላ የስፌት መኪና ላይ ተደፋች። ሰፍታ አበላችው፣ ሰፍታ አስተማረችው። ሰሌዳው አልታየው ብሎ መምህሩ ደደብ ነው ባሉ ጊዜ፣ አይደለም ብላ እጁን ይዛ ሐኪም ዘንድ የወሰደችው እሷ ናት። የመጀመሪያ መነጽሩን ያደረገ ዕለት መምህሩ ጢም እንዳላቸው አየና ክፍሉ ውስጥ ጮኸ አሉ። ሙያው ከዚያች ቀን ይጀምራል ብትሉ አልተሳሳታችሁም።

እትዬ እስካሁንም ልብስ ሰፊ ናት። በአሮጌ ሕንጻ ላይኛው ፎቅ፣ ከፊት ስፌት ቤቷ፣ ከኋላ መኝታዋ። ቬሎ ስትሰፋ እጇ ወርቅ ነው፤ ሙሽሮች ተራ ይጠብቁላታል። ለዓይኗ የነበራት አንዲት ተጭራ ያለቀች የንባብ መነጽር ብቻ ነበረች፤ ከመንገድ ዳር የገዛቻት። ሚሊ ለዓመታት ለመናት። «የመነጽር ገጣሚ እህት እንዲህ ያለ ነገር ስታደርግ ሰው ምን ይላል?» ይላት ነበር። እሷም «ሰው ምን ይል እንደሆነ ስትሰማ ንገረኝ» ብላ ትስቅበት ነበር። ሩቁም ሲደበዝዝባት ጊዜ ግን አንድ ቀን እሺ አለች።

ያን ዕለት የክት ልብሷን ለብሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ መጣች። ሱቁ በሰው ተሞልቷል። ሚሊ ሲያያት ፊቱ በራ። «ይቺ እህቴ ናት፤ እናቴም እሷው ናት» ብሎ ለደንበኞቹ ሁሉ አስተዋወቃት። የደንበኛ ወንበሩ ጠንካራ ነው፤ እትዬን እዚያ ላይ? በፍጹም! የራሱን ባለ ትራስ በርጩማ ጎትቶ አስቀመጣት። እሱ ቆመ።

ቆመ እንግዲህ። ዕድሜውን ሙሉ አትቁሙ ሲል የኖረው ሰውዬ ቆሞ ለካት። እሷ ዝቅ ካለችው በርጩማ ላይ ሆና፣ አገጯን ቀና አድርጋ፣ ያሳደገችውን ልጅ በኩራት እያየች ፈገግ ብላ ነበር። እሱም ነጥቡን አደረገ። ሥራሽን አሳዪኝም አላላትም። ምን ብሎ ይጠይቃት? እዚያች መኪና ሥር ክር እየለቀመ አይደል ያደገው! ልብ ካላየ ዓይን አያይም ማለት ይሄ ነው።

ኮሪደሩን ሲመርጥ ደግሞ የረጅሞቹን ረጅም፣ የለስላሶቹን ለስላሳ መረጠላት፤ ፍሬሙንም ሰፋ ያለ። «እትዬ በጠባብ መንገድ ስትሄድ ኖራለች፤ አሁን ይበቃታል» ብሎ ነው ያሰበው። ክፉ ሐሳብ ነው? አይደለም። ግን ሌንስ የልብን ደግነት አያውቅ፤ የሚያውቀው ሚሊሜትር ብቻ ነው።

መነጽሩ ሲደርስ አድርጋው ወደ መንገዱ አየች። «ውይ፣ ያ ሁሉ ጽሑፍ እዚያ ሕንጻ ላይ ነበር እንዴ?» አለች። ሚሊ ያን ቀን እንቅልፍ አልወሰደውም፤ በደስታ። በሳምንቱ እትዬ ተመለሰች። በሩ ላይ ቆማ፣ ሰው እንዳይሰማ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ስሰፋ ትንሽ ድብዝዝ ይልብኛል መሰለኝ» አለችው። እሱ የሌላ ሰው ፍሬም ላይ አቀርቅሮ ብሎን እያጠበቀ ነበር። ቀና እንኳን አላለም።

«ሁለት ሳምንት ታገሺው እትዬ፤ ትለምጂዋለሽ።»

«እሺ» ብላ ሄደች። ከዚያ ወዲያ ስለ መነጽሩ ክፉ ቃል ከአፏ አልወጣም።

ከዚያማ ነገር መበላሸት ጀመረ። አንድ ኮሌታ ጠመመ። አንድ እጅጌ ተገልብጦ ተሰፋ። አንዲት የሙሽራ እናት ባለ ዶቃውን ቬሎ ይዛ መጣችና የዳንቴሉ ግራና ቀኝ እኩል አይደለም ብላ ሚሊ ባለበት ጠረጴዛው ላይ ጣለችላት። እትዬ ይቅርታ ጠይቃ እንደገና ፈታችው፤ በሕይወቷ የሰፋችውን ስትፈታ ይሄ የመጀመሪያዋ ሳይሆን አይቀርም። የእትዬ ልጅ አስተማሪ ናት፤ አርባ ሊሞላት ነው፣ አሁንም ሚጡ ነው የምትባለው። እሷ ተጨነቀች። «ጋሼ፣ እማዬ አንድ ነገር ሆናለች። መርፌው ፊት ትቀመጥና ዝም ብላ ታያለች። አንዳንዴ ዓይኗን ጨፍና በእጇ ትዳስሳለች። እርጅና ገባት መሰለኝ» አለችው።

ሚሊም «መነጽሩስ እንዴት ነው?» ብሎ እትዬን ሲጠይቃት፣ «ግሩም ነው! እንዳንተ ያለ የት ይገኛል?» ትለዋለች። የደንበኞቿን ዘመድ አዝማድ ሁሉ ወደሱ ትልክለት ነበር፤ «ወንድሜ ጋ ሂዱ» እያለች። ታዲያ ምን ይጠርጥር? ዕድሜ ነው አለ፤ ዕድሜን ደግሞ ማንም አያቃናው።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ሊጠይቃት ሄደ። ከደረጃው ግርጌ የብረት ፍርግርግ በር አለ፤ ሁልጊዜ ይቆለፋል፣ ወርዳ የምትከፍተው እሷ ናት። እንደ ልማዱ ከታች ተጣራ። «እትዬ! እኔ ነኝ!» ከላይ የመኪናው ድምፅ ቀጥ አለ። ወንበር ተንቋቋ። የሆነ ነገር ወደቀ፤ ኮቴዋ ተጣደፈ። ብቅ ስትል በፍርግርጉ አያት። በአንድ እጇ አንገቷ ላይ በገመድ የተንጠለጠለውን የሱን መነጽር ትፈልጋለች፣ በሌላው ፊቷ ላይ ያለ ነገር ታወልቃለች። እንደዚያ ሆና እግሯን ሰነዘረች። ደረጃውን ሳተችው።

እናንተዬ፣ የሚወዱት ሰው ሲወድቅ ማየት አንድ ነገር ነው፤ በተቆለፈ በር በኩል ማየት ግን ሌላ ነው። ሚሊ ፍርግርጉን ይዞ ከመጮህ በቀር ያደረገው ነገር የለም። እትዬ እስከ ታች ድረስ መጣች፤ ቀኝ እጇ ከሥሯ ነበር። ቁልፉን ከኪሷ አውጥታ በግራ እጇ በሩን የከፈተችለት ራሷ ናት። መሬት ላይ እንደተቀመጠች።

እሱም ድንጋጤው ቁጣ ሆኖበት፣ «መነጽርሽን ለምን አላደረግሽም?» አላት።

«ላደርገው ስል ነው» አለችው።

የቀኝ እጇ አንጓ ተሰብሮ ነበር። ጀሶ ተደረገላት። ሚጡ ጓዟን ጠቅልላ እናቷ ዘንድ ገባች፤ በነጋታው አጎቷን ሱቁ ድረስ ሄዳ አነጋገረችው። ስፌት ቤቱ ይዘጋ፣ መኪናው ይነሳ፣ እማዬ ከኔ ጋር ትግባ ነው ነገሩ። «ሐኪሙንም ስለ መርሳት ነገር አማክሬያለሁ። አንተ ንገራት ጋሼ። የኔን ነገር በዚህ ሰምታ በዚያ ታፈሰዋለች፤ ያንተን ቃል ግን እንደ መሐላ ነው የምትይዘው» አለች። ሚሊ እትዬ ያለ መኪናዋ ምን እንደምትሆን ያውቃል፤ ከቦታው የሚነሳው መኪናው ሳይሆን እሷው ናት። ግን ዳንቴሉን አይቷል፣ አወዳደቋን አይቷል። «ጀሶው ሲፈታ እነግራታለሁ» አለ።

ከዚያ በኋላ ነው ሚጡ አንድ ነገር በመሐረብ ጠቅልላ ይዛለት የመጣችው። የእናቷን ሽርጥ ልታጥብ ኪሱን ስትፈትሽ ያገኘችው ነው። ያቺ የመንገድ ዳር የንባብ መነጽር ነበረች፤ አንድ ክንዷ ተሰብሯል። «ልጥላት ስል ጮኸችብኝ። ደግሞ ለወንድሜ እንዳታሳዪው አለችኝ። እኔ ግን መነጽር ካንተ ሌላ ማን ይጠግናል ብዬ አመጣሁት» አለችና ሄደች።

ሚሊ በማጉያው ሥር አደረጋት። ማጠፊያዋ ውስጥ ነጭ የክር ብናኝ ተጠቅጥቋል፤ ከብናኙ ጋር አንዲት ደቃቅ ዶቃ ተሰክታለች። ዶቃዋን ያውቃታል። እትዬ ፈትታ እንደገና የሰፋችው ቬሎ ላይ የነበረች ናት፤ ያ ቬሎ ደግሞ የታዘዘው የሱን መነጽር ከወሰደች ከስንት ጊዜ በኋላ ነው። እንግዲህ እትዬ በሱ መነጽር አልነበረም የምትሰፋው። በዚች በተጫረች ነገር ነበር፤ አሁን ለዓይኗ በማትበቃ፣ ቅርቡን እንኳ በቅጡ በማታሳያት። ደረጃው ላይ ፊቷ ላይ የነበረችውም ይቺው ናት። በንባብ መነጽር ደረጃ መውረድ ማለት ጉም ውስጥ መውረድ ነው። እሱ «እትዬ!» ሲል ሰምታ፣ እሱ እንዳያይባት ስትቀይር ነው የወደቀችው።

ክው አለ። በርጩማዋ ላይ ቁጭ ሲል ያ ቀን ትዝ አለው፤ እዚችው ላይ አስቀምጧት ነበር፣ እሱ ቆሞ ነበር። ቀና ያለው አገጯ፣ ፈገግታዋ ሁሉ ትዝ አለው። «አይ አንተ ሰውዬ! አይ አንተ ደንቆሮ!» እያለ ራሱን ሲሰድብ አንዲት ደንበኛ ገብታ፣ ለሷ መስሏት ተመልሳ ወጣች።

ሱቁን ዘግቶ ሄደ። እትዬ ጀሶዋን ትራስ ላይ አስደግፋ፣ ሬዲዮ እየሰማች ተቀምጣ ነበር።

«እኔ የሠራሁልሽን መነጽር አድርጊና መኪናው ላይ ተቀመጪልኝ» አላት።

«በአንድ እጅ ምን ልሰፋልህ ነው?»

«መስፋት አይደለም። መቀመጥ ብቻ።»

ተቀመጠች። ጨርቁ መርፌው ሥር ነበር። በመጀመሪያ እንደ ሰፊ ሁሉ አንገቷን ደፋች፤ ከዚያ ዓይኗን አጥብባ ወደ መርፌው ፈለገች። አላገኘችውም። ቀስ እያለ አገጯ ወደ ላይ ይነሳ ጀመር። ተነሳ፣ ተነሳ፣ ዘበናይ ሰው ሰውን ሲንቅ እንደሚያደርገው አፍንጫዋን ሰቅላ፣ ዓይኖቿን በጉንጮቿ ላይ ወደ ታች ደፍታ ቀረች። ማጅራቷ ላይ ጅማቷ ተገትሯል።

«ሁልጊዜ እንዲህ ሆነሽ ነበር የምትሰፊው?»

«መጀመሪያ መጀመሪያ። በኋላ አንገቴ እንቢ አለኝ።»

«ታዲያ ለምን አትነግሪኝም እትዬ? ለምን?»

እትዬ አየችው። «ነግሬህ ነበር እኮ። ታገሺ አልከኝ። ታገሥኩ።»

«ሁለት ሳምንት ነው ያልኩሽ!» ብሎ ጮኸባት። ከጮኸ በኋላ የጮኸው በማን ላይ እንደሆነ ገባው፤ ምላሱን ቢቆርጠው በወደደ።

እሷ አልተቆጣችም። «ሰው ሁሉ ይለምደዋል ስትል እሰማለሁ። ያ ሁሉ ሰው ለምዶት እኔ ብቻ እንቢ ስል፣ እንግዲያው እኔ ነኝ የተበላሸሁት አልኩ። አረጀሁ፣ ጭንቅላቴም አይቀበል አለ ብዬ። ደግሞስ፣ ወንድሜ የሠራልኝ ነው ብዬ ላገር ምድሩ አውርቼ፣ አልሆነኝም ብል የሰው መሳቂያ ላደርግህ ነው? ያቺን አሮጌዋን ደብቄ እየሰፋሁ፣ አንተ ስትመጣ ያንተን አደርግ ነበር።»

ሚሊ እንባው መነጽሩ ውስጥ ሞላ፤ አውልቆ ሊጠርገው ሲል ሚጡ ከጓዳ ብቅ አለች። ሁለቱን አይታ፣ የእናቷ ስፌት ቤት ነገር የተነገረ መሰላት።

«ነገርካት ጋሼ?»

እውነቱን እንነጋገር፤ ሚሊ ያን ጊዜ ለአፍታ ያህል ዝም ለማለት ቃጥቶታል። ማን ያውቅበታል? አዲስ ሌንስ ሠርቶ «የተሻለ መጣልሽ» ቢላት፣ እትዬ እንደሆነች ገመናውን ሸፍና ትሞታለች እንጂ አታወጣም። ስሙም ሚሊ እንደሆነ ይኖራል። ግን ሚጡ እናቷን የምታይበትን አስተያየት አየ፤ ሰው ከእጁ ሊያመልጥ ያለ ዕቃን የሚያይበትን ዓይነት። እትዬ ያንን ዓይን ተሸክማ እንድትኖር ሊተዋት አልቻለም።

«ለሷ የሚነገር የለም። የሚነገረው ላንቺ ነው» አለ። «እናትሽ አላረጀችም። ምንም አልረሳችም። ቆሜ ለካኋት፣ ኮሪደሩንም ያለ ሥራዋ መረጥኩላት፤ አልታይ አለኝ ብትለኝ ታገሺ አልኳት። ከደረጃውም የጣልኳት እኔ ነኝ።»

ሚጡ ቀስ ብላ፣ «ለመርሳት በሽታ መድኃኒት ላስጀምራት ቀጠሮ ይዤ ነበር እኮ» አለች። «በየቀኑ 'እማዬ ምን ነካሽ' ስላት... ስንት ጊዜ ነው በሰው ፊት...» አልጨረሰችውም። አጎቷንም አላየችውም። ጓዳ ገብታ በሩን በላይዋ ዘጋች። ሚሊ ቢሰደብ ይሻለው ነበር።

«ተዋት፤ ይበርድላታል» አለች እትዬ። «አንተ በል ለካኝ፤ መለኪያህን እንዳልያዝክ አታስመስል።»

ይዞ ነበር። መሬት ላይ ተቀመጠ፤ ወለሉ ላይ፣ እግሩን መኪናው ሥር ዘርግቶ፣ ልጅ ሆኖ ክር ይለቅምበት የነበረው ቦታ ላይ። እሷ እንደ ልማዷ አንገቷን ደፋች፤ እሱ ከሥር ቀና ብሎ ዓይኖቿን አየ። ይዞት የመጣው አዲሱ ፍሬም ጠበብ ያለ ነው። ነጥቡን አደረገ፤ አስወልቆ እንደገና አስደርጎ፣ አቁሞ፣ አራምዶ፣ አስቀምጦ እንደገና ለካ። አጭሩን ኮሪደር መረጠ። «ዘወር ስትዪ ወለሉ ትንሽ ይዋኝብሻል፤ እውነቱን ልንገርሽ» አላት። «ይዋኝ፤ ወለል ላይ አልሰፋ» አለችው።

ጀሶው የተፈታው ሌንሱ በመጣ ሰሞን ነው። ሚጡ ያን ቀን ነበረች፤ ለአጎቷ ሻይ ቀድታ ሰጠችው እንጂ ብዙ አላወራችውም። እትዬ አዲሱን መነጽር አድርጋ መኪናው ላይ ተቀመጠች። አንገቷን ደፋች፤ አገጯ ካለበት አልተነቃነቀም። ክሩን በግራ እጇ አንስታ ወደ መርፌው ቀዳዳ ሰደደችው። በአንዴ ገባ።

«ውይ! ውይ አምላኬ!» አለች። «ይሄ ሁሉ እዚህ ነበር?» ሳትጨርሰው የቀረችውን ኮሌታ ከሳጥኑ አውጥታ አየችና፣ «ይሄን እኔ ነኝ የሰፋሁት? ሰካራም እንኳ እንዲህ አይሰፋ!» ብላ ሳቀች። ሚጡም ሳቀች፤ ሚሊም ከስንት ቀን በኋላ ትከሻው ወረድ አለ። አሁን መኪናው አይነሳም፤ ያንን ማንም ሳይናገረው ሦስቱም አውቀውታል።

ከዚያ እትዬ ጨርቅ ዘርግታ በጠመኔ መስመር አሰመረችና ትልቁን መቀስ አነሳች። ቀኝ ጣቶቿን አስገባች። መቀሱ ተከፈተ። ልትዘጋው ስትል ግን ጣቶቿ መሀል መንገድ ላይ ቆሙ። እንደገና ሞከረች። ከንፈሯን ነክሳ ሞከረች። መቀሱ ጨርቁን ጎርሶ አፉን እንደከፈተ ቀረ። ሐኪሙ ስለ እጇ ሲጠየቅ «እንግዲህ እናያለን» ነበር ያለው፤ እናያለን ማለት ምን እንደሆነ ደግሞ ዕድሜ ያለው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ሚጡ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ሚሊ እጁ ወደ እህቱ መነጽር ሄደ፤ ሊያቃናው። ቀጥ ብሎ ነበር፤ የሚቃና ነገር የለውም። «ቀስ እያለ ነው እትዬ... ትንሽ ጊዜ...» አለና ያቺ የለመዳት ቃል ጉሮሮው ላይ ደረሰች። ዋጣት። እትዬ ስትዋጥ አየቻት፤ አሁን ሁሉንም ጥርት አድርጋ ነው የምታየው።

«እኔስ እለምደዋለሁ» አለችው። «የምታሳዝነኝ አንተ ነህ።»

መቀሱን በግራ እጇ አስወጥታ ወደሱ ገፋችው። «በል ቁረጥ። መስመሩን እኔ አሰምርልሃለሁ።»

ሚሊ ተንበርክኮ ቆረጠ። መነጽሩ ሥር መስመሩ ይቅበዘበዝበት ነበር።

«ጠምሟል» አለችው ከላይ ሆና።

«አውቃለሁ እትዬ።»

«ቀጥል» አለችው፤ ቀጠለ።